ምዕራፍ ሰባት፦ ከዜናው በፊት ኦዱ ይደርሳል

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። የሁለቱ ቡድኖች ቋሚ አሰላለፍ ይፋ ሲሆን በየስልኩ “እገሌ አይሰለፍም!” የሚል መልእክት ይዘንባል። ቤቲንግ ቤት ውስጥ እስካሁን ሲያመነታ የቆየው ሰው ወደ መስኮቱ ይጠጋል፤ ትኬት የቆረጠው ደግሞ ሌላ ሊጨምር ኪሱን ይዳስሳል። ሁሉም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፦ “ይህን ዜና ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ አንድ እርምጃ ቀድሜአለሁ።”

ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ይህንኑ እምነት ነው። የእግር ኳስ ዜና ለሚወራረድ ሰው ምን ያህል ይጠቅመዋል? የጉዳት ዜና፣ የአሰልጣኝ ስንብት፣ የዝውውር ወሬ፣ የተንታኞች ግምት በየዕለቱ ይጎርፋል። ብዙ ወጣቶች ይህን ሁሉ በትጋት ይከታተላሉ፤ ትጋታቸውም ገንዘብ እንደሚያመጣላቸው ያምናሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የምንሰማው ዜና አብዛኛው እውነት ነው፤ ከውርርድ አንጻር ግን ዋጋው ወደ ባዶ የተጠጋ ነው። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እናየዋለን።

ከቀደሙት ምዕራፎች ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። በምዕራፍ ሦስት ኦድን ወደ ዕድል መለወጥ ተምረናል፤ 100ን ለኦዱ ማካፈል ብቻ ነው። ኦዱ 2.00 ከሆነ ዕድሉ 50 በመቶ፣ 4.00 ከሆነ 25 በመቶ ማለት ነው። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ የአንድን ጨዋታ ሦስት ውጤቶች፣ ማለትም ማሸነፍን፣ አቻንና መሸነፍን በዚህ መንገድ ለውጠን ስንደምራቸው ከ100 በላይ እንደሚመጡ አይተናል። ያ ትርፍ “የቤቱ ድርሻ” ያልነው ነው። ሁለቱም እዚህ ያስፈልጉናል።

እህል በረንዳ ያለው ዋጋ

መርካቶ እህል በረንዳ የተቀመጠ አንድ የጤፍ ነጋዴ እናስብ። ወሩ ኅዳር ነው። ጎጃም ውስጥ ጤፍ ታጭዶ ሳይከመር ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ነጋዴው ይህን ለመስማት ሬዲዮ አይጠብቅም። እዚያው ያለው ደንበኛው ወዲያው ይደውልለታል፤ ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር ያየውን ይነግረዋል፤ ባይነግሩት እንኳ የጎረቤቱ ነጋዴ ዕቃውን መያዝ ሲጀምር አይቶ እሱም ይይዛል። ማታ ሬዲዮ ስለ ዝናቡ ሲያወራ የኩንታሉ ዋጋ ከጨመረ ሰዓታት አልፈዋል።

አንዲት እናት ዜናውን ሰምታ “ጤፍ ሊወደድ ነውና ሳይወደድ ልግዛ” ብላ በማግስቱ ማለዳ ብትሄድ የምትገዛው በተወደደው ዋጋ ነው። የሰማችው ዜና እውነት ነበር፤ ከዜናው ተነሥታ የደረሰችበት ድምዳሜም ትክክል ነበር። ግን አንድም ብር አላተረፈችም፤ ዜናው ከእሷ ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷልና።

የዚህ ምዕራፍ ማዕከላዊ ሐሳብ ይህ ነው። ኦድ ዋጋ ነው። እንደ ማንኛውም ዋጋ ብዙ ሰዎች የሚያውቁትን ሁሉ በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ተወራራጅ ራሱን መጠየቅ ያለበት “ይህ ዜና እውነት ነው ወይ?” ብሎ ብቻ አይደለም። “ይህ ዜና ዋጋው ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?” የሚለው ከዚያ ይበልጣል። ከገባ ያቺ እናት የደረሰባት ይደርስበታል።

ኦዱ እንዴት ይንቀሳቀሳል

አሁን በቁጥር እንየው። ለምሳሌነት ብቻ አንድ ጨዋታ እንፍጠር። ማለዳ ላይ ለባለሜዳው ቡድን ማሸነፍ 1.80፣ ለአቻ 3.60፣ ለእንግዳው 4.50 ኦድ ተሰጥቷል። ወደ ዕድል ስንለውጣቸው 55.6፣ 27.8 እና 22.2 በመቶ ይሆናሉ። ድምሩ 105.6 ነው፤ ከ100 በላይ ያለችው 5.6 የቤቱ ድርሻ ናት።

ከሰዓት በኋላ የባለሜዳው ዋና አጥቂ እንደማይሰለፍ ተነገረ። ኦዱ ወዲያው ተለወጠ፦ ባለሜዳ 2.10፣ አቻ 3.40፣ እንግዳ 3.50። አሁንም እንለውጠው። 47.6፣ 29.4 እና 28.6 በመቶ ሆነ። የባለሜዳው ዕድል በ8 ነጥብ ወርዷል፤ የእንግዳው ከ6 ነጥብ በላይ ወጥቷል። ድምሩን ተመልከቱ፤ አሁንም 105.6 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ዜናውን ሰምቶ በእንግዳው ቡድን ላይ ለመመደብ የሮጠው ሰው 4.50ን አያገኝም። የሚቆርጠው በ3.50 ነው። አጥቂው መቅረቱን እሱ ብቻ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ የቆረጠው ትኬት ላይ የታተመው ኦድ ግን የአጥቂውን መቅረት አስቀድሞ ቆጥሮታል። ሁለተኛ፣ ዜናው ሦስቱንም ኦዶች ቢያናውጥም የቤቱን ድርሻ አልነካውም። የጤፍ ነጋዴው ዋጋ ሲወጣም ሲወርድም ትርፉን መሃል ላይ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ አወራራጁም ዜናው ወደየትም ቢያዘነብል ድርሻውን ይዞ ይቀጥላል።

ይህን ኦድ የሚያንቀሳቅሰው ማነው? በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ አወራራጆች በየጨዋታው መረጃ የሚሰበስቡ ሠራተኞችና ስሌት የሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሏቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ትልልቅ ገንዘብ የሚመድቡ፣ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ተወራራጆች አሉ። እነሱ ገንዘባቸውን ወደ አንድ ወገን ሲያፈሱ ኦዱ ወደዚያው ይገፋል። ሌላው አወራራጅ ይህን እንቅስቃሴ አይቶ የራሱን ኦድ ያስተካክላል፤ ልክ ጎረቤቱ ዕቃ ሲይዝ እንደሚይዘው ነጋዴ። ሰንሰለቱ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለው ቤቲንግ ቤት ድረስ ለመድረስ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። እኛ በስልካችን የምናነበው ዜና የዚህ ሰንሰለት ጅራት ነው።

ቀድሞ የሚያውቅ አለን?

“ታዲያ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ሰውስ ያተርፋል ማለት ነው?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ አዎ፣ ሊያተርፍ ይችላል ነው። የእግር ኳስ ሕግ ይህን መንገድ የዘጋውም ስለዚሁ ነው።

እንግሊዛዊው ተከላካይ ኪራን ትሪፒየር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ከቶተንሃም ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ተዛወረ። ዝውውሩ ይፋ ከመሆኑ በፊት ግን ጉዳዩን ለወዳጆቹ ነግሯቸው ነበር፤ ወዳጆቹም ተወራረዱበት። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጉዳዩን ካጣራ በኋላ ተጫዋቹ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ለ10 ሳምንታት ታገደ፤ 70,000 ፓውንድም ተቀጣ። ትሪፒየር ራሱ በጨዋታ ላይ አልተወራረደም፤ ውጤትም አላስቀየረም። ጥፋቱ ዋጋው ውስጥ ያልገባ መረጃ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ቅጣቱ መክበዱ እንዲህ ያለ መረጃ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያሳያል።

የዳንኤል ስተሪጅ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የሊቨርፑሉ አጥቂ ወደ ሴቪያ ሊሄድ እንደሚችል መረጃ ለወንድሙ አቀበለ። በዚህ ጥፋት እ.ኤ.አ. በ2020 የመጨረሻ ቅጣቱ አራት ወር እገዳና 150,000 ፓውንድ ሆነ። በዚያው የዝውውር ወቅት ግን ስተሪጅ ሴቪያ አልሄደም፤ በውሰት የሄደው ወደ ዌስት ብሮም ነበር። ተጫዋቹ ራሱ ስለ ራሱ ዝውውር የያዘው መረጃ እንኳ መጨረሻውን አላወቀም። ከባለቤቱ አፍ የወጣው ወሬ እንዲህ ከሆነ፣ በአምስት ሰው አፍ አልፎ የሚደርሰንን ወሬ ምን ያህል ልናምነው ይገባል?

በቴሌግራም “የተሸጠ ጨዋታ አለኝ” እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን በዚህ መነጽር እንያቸው። የጨዋታን ውጤት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምስጢሩን በጥቂት መቶ ብር ለማያውቀው ሰው አይሸጥም፤ እሱው ይመድብበታል። እነዚህ ሰዎች የሚታመኑት እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ቀላል ስሌት እንሥራ። አንዱ ለ900 ሰዎች መልእክት ይልካል፤ ለ300ዎቹ “ባለሜዳ ያሸንፋል”፣ ለ300ዎቹ “አቻ ነው”፣ ለቀሩት 300 “እንግዳው ያሸንፋል” ይላል። ውጤቱ ምንም ይሁን 300 ሰዎች ትክክል ሆኖ ያገኙታል። እነዚያን ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ በሦስት ይከፍላቸዋል። 100 ሰዎች ሁለቴ ተከታትሎ ሲሳካለት አይተዋል። በሦስተኛው ዙር 33 ሰዎች ይቀራሉ። ለእነዚህ 33 ሰዎች ሰውየው ነቢይ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተናግሮ አንዴም አልሳተም። ገንዘብ የሚጠይቃቸውም ያኔ ነው። የቀሩት 867 ሰዎች ደግሞ መሳሳቱን ቢያውቁም አይገናኙም፤ አያወሩምም።

የአንድ ተጫዋች ክብደት ስንት ነው?

ዜናው እውነት ሆኖ፣ ከባድም ሆኖ፣ መቼ እንደሚሠራ ግን የማይታወቅበት ጊዜ አለ። የማንችስተር ሲቲው አማካይ ሮድሪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2024 ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በቀጣዩ ወር የዓለም ምርጡ ተጫዋች ተብሎ ባሎን ዶር ተሸለመ። ከዚህ የበለጠ የጉዳት ዜና ሊኖር ይችላል? ብዙ ተመልካች “ሲቲ አለቀለት” አለ።

አሁን የሆነውን እንከተል። ሮድሪ ከተጎዳ በኋላ በነበሩት አራት የሊግ ጨዋታዎች ሲቲ ከኒውካስል አቻ ወጣ፤ ፉልሃምን፣ ዎልቭስንና ሳውዝሃምፕተንን አሸነፈ። ዜናውን ይዞ ሲቲ ይሸነፋል ብሎ የመደበ ሰው አንድ ወር ሙሉ ሲጠብቅ ከረመ። ጥቅምት ሲያልቅ ብዙዎች “ሮድሪ ባይኖርም ሲቲ ሲቲ ነው” ወደ ማለት ተመለሱ። ወዲያው ሲቲ በቦርንማውዝ፣ በብራይተን፣ በሜዳው በቶተንሃም 4 ለ 0፣ ከዚያም በሊቨርፑል ተሸነፈ፤ አራት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ። ወቅቱን በሦስተኛነት ጨረሰ፤ ዋንጫውን ሊቨርፑል ወሰደ።

ዜናው ትክክል ነበር። የሮድሪ መጉዳት ለውድቀቱ አንዱ ምክንያት መሆኑን ብዙ የኳስ ሰዎች ይስማሙበታል። ነገር ግን “ይጎዳቸዋል” በማለትና “በዚህ ቅዳሜ ይሸነፋሉ” በማለት መካከል ሰፊ ገደል አለ። ዜና የሚነግረን የመጀመሪያውን ነው፤ ትኬት የሚጠይቀን ሁለተኛውን ነው። አንድ ጨዋታ ደግሞ በአንድ የተገጨ ቋሚ፣ በአንድ ቀይ ካርድ፣ በአንድ የዳኛ ውሳኔ ይለወጣል። ከባድ የሚባለው ዜና እንኳ የማሸነፍ ዕድልን በጥቂት ነጥቦች ቢያነቃንቅ ነው። ከላይ በሠራነው ምሳሌ የዋና አጥቂ መቅረት ያወረደው 8 ነጥብ ነበር፤ ያ ቡድን ግን አሁንም ከተቃራኒው ይልቅ የማሸነፍ ተስፋ አለው። የርዕሱ ፊደል ትልቅ ስለሆነ የዜናው ክብደትም ያንኑ ያህል ትልቅ ነው ማለት አይደለም።

አሰልጣኝ ሲባረር

ሌላው ተወራራጅን የሚያስሮጥ ዜና የአሰልጣኝ ስንብት ነው። “አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ቡድኑ ይነቃቃል” የሚለው አነጋገር እንደ ሕግ ይነገራል። አንድ ክለብ፣ ሁለት ጊዜ የሆነውን እናነጻጽር።

ቼልሲ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ፍራንክ ላምፓርድን አሰናብቶ ቶማስ ቱሄልን ቀጠረ። ቡድኑ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 29 ቀን ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሣ። የ“ይነቃቃል” ባዮች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ይኸው ቼልሲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ግርሃም ፖተርን አሰናብቶ ላምፓርድን በጊዜያዊነት መለሰው። ቡድኑ በላምፓርድ ሥር የተጫወታቸውን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ፤ ሊጉንም በ12ኛነት ጨረሰ። ያው ክለብ፣ ያው ዓይነት ዜና፣ ተቃራኒ ውጤት።

ብዙ ጊዜ ከስንብት በኋላ መሻሻል የሚታይበት ምክንያት ቀላል ነው። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከአቅሙ በታች ወርዶ፣ መጥፎ ዕድልም ተጨምሮበት፣ ነገሩ ጫፍ ሲደርስ ነው። ከጫፍ ላይ ያለ ነገር ወደ ተለመደው ቦታው የመመለስ ዝንባሌ አለው። ማንም ባይባረር እንኳ ቡድኑ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትንሽ መሻሻሉ የሚጠበቅ ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን “ወደ አማካይ መመለስ” ይሉታል። አወራራጁ ይህንን ያውቃል፤ ስለዚህ ኦዱን የሚያወጣው ባለፉት አምስት ሽንፈቶች ተደናግጦ ሳይሆን የቡድኑን የረጅም ጊዜ አቅም መዝኖ ነው። “ይነቃቃሉ” ብለን ስንቆርጥ ዋጋው መነቃቃቱን ቀድሞ ቆጥሮታል።

የዝውውር ወሬ

በዝውውር ወቅት ደግሞ ወሬው ራሱ መወራረጃ ይሆናል፤ “እገሌ ቀጥሎ የሚፈርመው ለማነው?” ተብሎ ኦድ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የብራይተኑ አማካይ ሞይሰስ ካይሴዶ ጉዳይ እንዴት እንደሄደ እናስታውስ። ሊቨርፑል ከብራይተን ጋር በዋጋ ተስማማ። ይህ ወሬ አልነበረም፤ አሰልጣኙ የርገን ክሎፕ ራሱ በጋዜጣዊ መግለጫ ስምምነቱ መኖሩን ተናገረ። ተጫዋቹ ግን ቼልሲን መረጠ፤ ቼልሲም እስከ 115 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ በሚችል ሒሳብ ወሰደው።

የዝውውር ዜና የሚዘግበው የሦስት ወገኖችን ድርድር አንዲት ቅጽበት ነው፦ የሚሸጠው ክለብ፣ የሚገዛው ክለብና ተጫዋቹ። ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛው እምቢ ሊል ይችላል። ከዚያም በላይ ብዙው ወሬ የሚወጣው ሆን ተብሎ ነው፤ ወኪሉ ደመወዝ ለማስጨመር፣ ሻጩ ክለብ ሌላ ገዢ ለመጥራት ያወጣዋል። ዜናውን ያወጣው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያገኝበት ሳናውቅ ገንዘብ መመደብ የሌላ ሰው ድርድር ውስጥ ከፋይ ሆኖ መግባት ነው።

ዋጋው አይሳሳትም ወይ?

አንባቢ እዚህ ላይ “ሌስተር ሲቲስ?” ቢል ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወቅቱ ሲጀመር አንዳንድ የእንግሊዝ አወራራጆች ለሌስተር ዋንጫ ማንሣት አንድ ለ5,000 ሰጥተው ነበር። ክለቡ ከዚያ በፊት በነበረው ወቅት ከመውረድ ለጥቂት ተርፎ 14ኛ ሆኖ የጨረሰ ነበር። አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ ሲቀጠርም ብዙዎች አጣጥለውታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2016 ግን ሌስተር ሻምፒዮን መሆኑን አረጋገጠ፤ ወቅቱንም ሁለተኛ ከሆነው አርሰናል በ10 ነጥብ ርቆ ጨረሰ።

ዋጋው ተሳስቶ ነበር ማለት ይቻላል። ዋጋ ይሳሳታል፤ የጤፍ ነጋዴውም አንዳንዴ ያልመጣ ችግር ፈርቶ አስወድዶ ሲገዛ ይከስራል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። በዚያ ክረምት የወጣ አንድም ዜና ሌስተር ዋንጫ እንደሚያነሣ አልተናገረም፤ ዜና ተከታታዩ ከማይከታተለው ምንም ብልጫ አልነበረውም። በሌስተር ላይ የመደቡት ጥቂቶች አብዛኞቹ ክለቡን የሚወዱ ደጋፊዎች ናቸው፤ የመደቡትም በፍቅር እንጂ በትንታኔ አልነበረም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ዋጋ “አንዳንዴ እንደሚሳሳት” ማወቅና “ዛሬ በየትኛው ጨዋታ፣ ወደ የትኛው ወገን እንደተሳሳተ” ማወቅ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ለማትረፍ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ ያውም የቤቱን ድርሻ ከፍሎ የሚተርፍ ያህል፣ ደጋግሞ።

ይህን ማድረግ የሚችሉ ጥቂት ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። የሚሠሩት በዜና ርዕስ ሳይሆን በብዙ ዓመታት መረጃ፣ በስሌትና በትልቅ ካፒታል ነው። ብዙ አወራራጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን ደንበኛ ሲለዩት የሚመድበውን መጠን ይቀንሱበታል ወይም ሒሳቡን ይዘጉበታል። እንዲቆይ የሚፈልጉት ዜና ሰምቶ የሚሮጠውን ነው።

ረጅሙ ትኬት

ዜና የሚያደርሰው ሌላም ጉዳት አለ፤ ትኬቱን ያስረዝመዋል። ብዙ ዜና የሰማ ሰው በብዙ ጨዋታ ላይ አስተያየት ያድርበታል፤ ስለዚህ አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረድራል። በእኛ ቤቲንግ ቤቶች ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በ20 ብር ብዙ ሺህ ብር የማግኘት ተስፋ ስለሚሰጥ።

በላይኛው ምሳሌያችን የቤቱ ድርሻ 5.6 ስለነበረ፣ በአንድ ጨዋታ ላይ ከተመደበ 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 94 ብር ከ70 ሳንቲም ያህል ነው። አምስት ጨዋታ ሲደረደር ግን ይህ ቅናሽ አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ የሚመለሰው አማካይ ወደ 76 ብር ይወርዳል። አሥር ሲሆን 58 ብር ይሆናል። ኦዳቸው 1.80 የሆኑ አምስት ቡድኖችን የደረደረ ሰው በ100 ብር ወደ 1,890 ብር ይታየዋል። አምስቱም የሚሳኩለት ግን ከ100 ትኬት በ4ቱ ገደማ ነው። 10,000 ብር አውጥቶ 7,600 ያህል ይመለስለታል ማለት ነው።

በላዩ ላይ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ሲሸነፍ የሚመልስለት የለም፤ ሲያሸንፍ ይቆረጥበታል።

ለዜናው የሚከፍለው ማነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ የእግር ኳስ ዜናና የውርርድ ማስታወቂያ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። የጉዳት ዜናው ሳያልቅ ኦዱ ይነበባል፤ ትንታኔው ሳይጠናቀቅ “አሁኑኑ ይወራረዱ” ይባላል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከ2025/26 ወቅት ማብቂያ ጀምሮ የአወራራጅ ድርጅት ስም በማሊያ ፊት ላይ እንዳይኖር ተስማምተዋል። ችግሩን ያዩት ከገንዘቡ የሚጠቀሙት ናቸው። ዜና በዚህ አቀራረብ ሲደርሰን “ታውቃለህ፣ ስለዚህ ታሸንፋለህ” የሚል ስሜት ይዞ ይመጣል። ያ ስሜት ነው አደገኛው። ምንም እንደማያውቅ የሚያምን ሰው ትንሽ መድቦ ይሄዳል፤ አውቃለሁ የሚል ሰው የቤት ኪራዩን ያመጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ በኋላ አንድ ዜና “መድብ፣ መድብ” ሲላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን አንሡ። ይህን ዜና ከእኔ በፊት ስንት ሰው ሰምቶታል? ኦዱ ዜናው ከመውጣቱ በፊት ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው? ዜናው እውነት ሆኖ እንኳ የዚህን አንድ ጨዋታ ዕድል በስንት ነጥብ ይለውጠዋል፣ ያስ ከቤቱ ድርሻ ይበልጣል? ለሦስቱም በቁጥር መልስ ያላገኛችሁለት ዜና ለውርርድ አይሆንም። ደጋግማችሁ ሞክሩት፤ መልስ የሚገኝለት ዜና እጅግ ብርቅ መሆኑን ራሳችሁ ታያላችሁ።

በሚቀጥለው ምዕራፍ “ባለፈው ተበላሁ፣ ዛሬ ግን ይመለሳል” የሚለውን እምነት እንመረምራለን። እስከዚያ ግን ለወጣት አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልበል። ስለ ኳስ ያላችሁ እውቀት ትልቅ ነው፤ አሰላለፍ ታነባላችሁ፣ የተጫዋች ታሪክ በቃላችሁ ትይዛላችሁ፣ ቁጥር ታነጻጽራላችሁ። ይህን እውቀት ለመጻፍ፣ ለመተንተን፣ ሰፈር ውስጥ ልጆችን ለማሰልጠን፣ ከጓደኛ ጋር ለመከራከር ተጠቀሙበት። ወደ ቤቲንግ ቤቱ መስኮት ስትወስዱት ግን ሌላው ከእናንተ በፊት ያወቀውንና ዋጋ ያወጣለትን ነገር ትርፍ ጨምራችሁ መልሳችሁ እየገዛችሁ ነው። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የእናት መድኃኒት ገንዘብ በዜና ተማምኖ ለውርርድ አይወጣም።